አባቴ ያስጻፉኝ ሪፖርት

ሰሞኑን ከዳባት ወደ ደባርቅ ስሄድ የሚኒባሱ ሬዲዮ ስለ ሌላ አገር ምርጫ ያወራል። የተሸነፈው ገዢ ፓርቲ ሰው ምክንያቱን ቢጠየቅ፣ «ሕዝቡ ዓላማችን ስላልገባው ነው» አለ። ብቻዬን ሳቅሁ። ሰው ሲያየኝ አፈርሁና አፌን በነጠላዬ ሸፈንሁ። ያንን ቃል በእጄ ጽፌው አውቃለሁ።

አባቴ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበሩ። ዳዊት ይደግማሉ፤ መጻፍ ግን ከስማቸው አያልፍም። ስለዚህ ሪፖርታቸውን የምጽፈው እኔ፣ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥሁት ልጃቸው ነበርሁ። ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል፤ ወረቀት ግን አያስፈራኝም።

ከምርጫው በፊት የወረዳ ካድሬዎች ስብሰባ ጠሩ። ከእኛ ጋር በሬ የሚያቀናጁት ጎረቤታችን አያ ተሻገር ተነሡ።

«የግጦሽ መሬታችንን ሳትጠይቁን አጠራችሁት። ከብቱ ወዴት ይሂድ?»

«ተቀመጥ! አንተ ጸረ ልማት!» አላቸው አንዱ ካድሬ፣ የልጃቸው እኩያ።

መጨረሻ ላይ «የምትደግፉን እጅ አውጡ» ሲባል ሁሉም አወጣ፤ አያ ተሻገር ሳይቀሩ። በእኛ አገር እንግዳን አሳፍሮ መስደድ ነውር ነው፤ ደግሞም የዘር ጊዜ ደርሷል፤ ማዳበሪያ የሚያድሉት እነሱ ናቸው። አባቴ እጅ ቆጠሩ፤ እኔም «ሁሉም ይደግፋል» ብዬ ጻፍሁ።

የምርጫው ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ብቻዬን ቆምሁ። ያ «ተቀመጥ!» ጆሮዬ ላይ ነበርና ለተቃዋሚው ምልክት አደረግሁ። ድምፁ ሲቆጠር ገዢው ፓርቲ በቀበሌያችን ወድቋል።

አባቴ ወረዳ ለግምገማ ተጠርተው ከሰዓት በኋላ ጭቃ በጭቃ ሆነው ተመለሱ። ጉሙ በራችን ድረስ መጥቷል። የተቀቀለ ድንች ከበርበሬ ጋር አቀረብሁ፤ አልነኩትም።

«ለምን ተጠላን አይሉም፤ ሕዝቡን ማን አሳሳተብን ነው የሚሉት። ለነገ ስም አምጣ ተብያለሁ» አሉ።

ስሙ የገባ ሰው እንደሚታሰር፣ ካላመጡ ደግሞ እሳቸው እንደሚሻሩ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ጻፊ። ሕዝቡ ዓላማችን ስላልገባው ነው።»

ጻፍሁ።

«ያሳሳቱትም... ተሻገር...»

እጄ ቆመ።

«ምነው? ቀለሙ አለቀ?»

«አባባ፣ ስም የሚጻፍ ከሆነ ከእኔ ልጀምር። እኔን ግን ማንም አላሳሳተኝም።»

«እኔ ደጅ እጅ ስቆጥር፣ አንቺ እቤቴ ውስጥ!» አሉ። አንድ ድንች አንሥተው ቀስ ብለው ላጡ።

«ሰርዥው» አሉ በመጨረሻ። «ሁሉንም። እንዲህ በይ። ሕዝቡ ነግሮን ነበር፤ የተናገሩትን ሰው ተቀመጥ አልናቸው። እጅ ቆጥሬ ሁሉም ይደግፋል ብዬ ያሳሳትሁ እኔ ነኝ።»

ስማቸውን ራሳቸው ከሥሩ ጻፉ፤ ፊደሉ ጅብ እንዳየ በግ ተበታትኖ።

በሳምንቱ ከወረዳ መጥተው የቀበሌውን ማኅተም ተቀበሏቸው። ግጦሹም እንደታጠረ ቀረ። አያ ተሻገር የሪፖርቱን ወሬ ከማን እንደሰሙ እንጃ፣ በማግስቱ ማለዳ በሬያቸውን እየነዱ መጥተው ከደጅ ተጣሩ።

«አንተ የተሻርህ! ተነሥ እንጂ፣ እንረስ!»

አባቴ ዛሬ አርጅተዋል። ባለፈው እሁድ፣ «ያን ቀን ተቆጥተውኝ ነበር?» አልኋቸው።

«ሁለት ቀን» አሉ። «ከዚያ ወዲያ፣ ልጄ እንዳትነግረኝ ያደረግሁት ምንድን ነው እያልሁ ራሴን ስጠይቅ ከረምሁ።»

እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ዝም ባልሁ ቁጥር፣ «ተስማምተሽ ነው ወይስ ፈርተሽ?» ይሉኛል። ብዙ ባለ ሥልጣን አይቻለሁ፤ ይህን የጠየቀኝ ግን የተሻረው አባቴ ብቻ ነው።