ለልቅሶ ቤት ያስጠናሁት ቃል

የኮኮናት ዘይት ሽታ ነው ያስታወሰኝ። ባለፈው ዓመት እናቴን ለልብ ሕክምና ሕንድ አገር፣ ባንጋሎር ይዣት ሄጄ ነበር። በሆስፒታሉ ኮሪደር ከአጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ፀጉራቸውን ተቀብተው ነበር። ዘወር ብለው «ኡታ አይታ?» አሉኝ። በካነድኛ፣ በዚያ አገር ቋንቋ፣ ምግብ በልተሻል ወይ ማለታቸው ነው። «አይቱ» አልኩ፤ በልቻለሁ። እጄን ይዘው ሳቁ። ማን አስተማረሽ የሚሉኝ ስለመሰለኝ አንገቴን ደፋሁ።

የተማርኩት ነገሌ ቦረና፣ አንድ የግል ጤና ኮሌጅ ውስጥ ነው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ፀጉሩ ኮኮናት ዘይት የሚሸት ቀጭን ሕንዳዊ መምህር ነበር። አገሩ ሄደን መማር የምንመኝ ስለነበርን ከክፍል በኋላ ለመንገደኛ የሚበቁ ቃላት ያስጠናን ነበር። ውሃ «ኒሩ»፣ ስንት ነው «ኤሽቱ»፣ አላውቅም «ጎቲላ»። የት ለማለት «ኤሊ» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኤሊ በእኛ ምን እንደሆነች ሲገባው ጀርባውን አጉብጦ በጠመኔው ብናኝ መሃል እየተንቀረፈፈ አብሮን ሳቀ። እሱ ደግሞ አማርኛ ይጠይቀን ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው እኔን ነው፤ ቃላቱን አጥርቼ ስለምጽፍ ያምነኝ ነበር።

እኛ ግን ቀስ በቀስ ክፋት ጀመርን። «አመሰግናለሁ» የሚለውን ሲጠይቀን «ራበኝ» ብለን አስጠናነው። ሻይ ቤት ገብቶ በፈገግታ «ራበኝ» ባለ ቁጥር አስተናጋጇ ዳቦ ስትደረድርለት በመስኮት እያየን እንስቅ ነበር።

የተከራየው ከአባቴ ጋር በከተማው ጦር ካምፕ ያገለገሉ አንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ግቢ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረቻቸው። ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆማ «ናማስካራ ቲቸር» እያለች ትቀበለው ነበር። ወባ ያዛትና በሦስተኛው ቀን ሞተች።

በማግስቱ ከሰሌዳው ሥር ጠራኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ለአባቷ ምን ማለት እንዳለበት ጠየቀኝ፤ በራሳቸው ቋንቋ ሊላቸው ፈልጓል። ማን እንደሞተች አውቅ ነበር። ጓደኞቼ ከኋላዬ ቆመው ይጠባበቃሉ።

«እንኳን ደስ አለዎት ይበሉ» አልኩት።

መዳፉ ላይ ጻፈው። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት፤ ሲሳሳትም አረምኩት።

ከሰዓት በኋላ ልቅሶ ቤቱ ድረስ ተከትለነው ሄድን። ፀሐዩ የድንኳኑን ሸራ አቃጥሎት ጎማ ጎማ ይሸታል። በአባትየው ፊት ጎንበስ ብሎ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘና ያስጠናሁትን አጥርቶ ተናገረ። ሃምሳ አለቃው ቀና ብለው አዩት። እሱ ያልሰሙት መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።

አንድ ዘመዳቸው ኮሌታውን ይዞ ጎተተው፤ ሌላው በጥፊ መታው። አንድ ጫማው ድንኳኑ ውስጥ ቀረ። እኛ እየሳቅን ሮጥን። እኔ ሳቄ የቆመው ገበያው ጋ ስደርስ ነው።

ያለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ የነገረችው የኮሌጁ ጸሐፊ ናት። ማን እንዳስጠናው እንዲነግራት ብትለምነው ስሜን አልጠራም። ሃምሳ አለቃው ሻንጣውን መንገድ ላይ አውጥተውበት ነበር። ጸሐፊዋ ሳያውቅ ነው ብላ ልታስረዳቸው ሄደች።

«ቢያውቅም ባያውቅም እኔ ሰምቼዋለሁ» አሏት።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። የባጃጅ ሾፌሮች አይተውት እንዳላዩ ያልፉ ነበር። የኮሌጁ ዘበኛ ብቻ እንደ ድሮው «ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ይሉታል። እሱም ሰዓቱን አክብሮ እየመጣ ያስተምራል፤ ስሜን በዚያው ድምፅ ይጠራል። ከክፍል በኋላ ግን አንድም ቀን አልቆየም፤ አንድም ቃል አልጠየቀንም። ጓደኞቼ ቶሎ ረሱት። እኔ ለማንም ሳልናገር ሴሚስተሩ አለቀ።

ከተማውን ለቅቆ በሚሄድበት ቀን ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። ቀዩ አቧራ ገና ከመሬት አልተነሣም። ወደ ክብረ መንግሥት በሚሄደው ሚኒባስ መስኮት አጠገብ፣ ሻንጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሁሉንም ልነግረው ነበር የመጣሁት።

«ቲቸር» አልኩት።

ዝቅ ብሎ አየኝ። ሞተሩ ተነሣ። የፈተናዬ ውጤት ታውቆ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«አልፈሻል» አለኝ፣ በጥሩ አማርኛ። ይህንን ማን እንዳስተማረው እስከ ዛሬ አላውቅም።