አባቴ እሺ ያለበት ዳገት

ትናንት ወደ ዱራሜ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዳገቱ ላይ ሙቀቱ ጨመረና ሾፌሩ ዳር ይዞ አቆመው። በመስኮቱ የገባው የፈላ የራዲያተር ውሃ ሽታ ሌላውን ተሳፋሪ አፍንጫውን ሲያስይዘው እኔን አንገቴን አስደፍቶ አስለቀሰኝ።

አባቴ አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው፤ የጃጁራን ገበያተኛ ከነእህሉ እየጫነች ያሳደገችን እሷ ናት። ጠዋት ከእኛ ፊት ይልቅ የእሷን ፊት ያስቀድማል፤ የዘይት መለኪያዋን መዝዞ፣ በጨርቅ ጠርጎ፣ መልሶ ነክሮ፣ የጎደለውን ሳይሞላ ቁልፍ አያዞርም፤ ከተነሳችም በኋላ ሞተሩ ሞቅ እስኪል ንቅንቅ አይልም። እናቴ “እኔ ሳስል እንዲህ ተጨንቀህ አታውቅም” እያለች ስትተርበው መልሱ ሁሌም “ሳይቃጠል በቅጠል” ነበር። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስን ደግሞ ነፍስ ከማጥፋት አይለየውም።

አንድ የመስቀል ሰሞን የእናቴን አባት ከሺንሺቾ ልናመጣቸው ሄድን። አባባ ሲመጡ ሰው ሁሉ የሚነሳላቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ በአገራችን ወግ ደግሞ ሰው የሚስቱን አባት ቀና ብሎ አያይም፣ እምቢም አይለውም። ስንመለስ ዳገቱ ላይ የራዲያተሩ ቱቦ ተቀደደና እንፋሎቱ ጋቢናውን ሸፈነው። አባቴ ወዲያው አጠፋት፤ ቱቦውን በጎማ ቁራጭ አሰረና እስክትበርድ እንድንቀመጥ ለመነን። የሰፈሩ ሴቶች ግን አዝነውልን ከምንጭ የተቀዳ ውሃ በጀሪካን ይዘው መጡ።

“ልጄ፣ ሆዷ እየነደደ ዝም ብለን እናያለን? አጠጣት እንጂ” አሉ አባባ፣ ከልባቸው አዝነው።

አባቴ እምቢ የሚል መስሎኝ ነበር።

“እሺ፣ አባባ።”

በገዛ እጁ አፈሰሰው። ከውስጥ አንድ ነገር ጧ ሲል ሁላችንም ሰማን፤ አባባ “ተመስገን፣ ረካች” አሉ። የተሰነጠቀው ሜካኒኮች ቴስታታ የሚሉት የሞተሩ ራስ ነበር፤ ጋራዥ ሲከፍቷት ዘይቷ ከውሃ ጋር ተዋህዶ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። የማሠሪያዋ ገንዘብ ስላልተገኘ እንሰቱ ጥግ ቆማ ቀረች፤ ጋቢናዋ የዶሮዎች ማደሪያ ሆነ። አባቴ የሰው መኪና ንዳ ቢሉትም መሪ መጨበጥ አስጠላው። ታላቅ ወንድሜ ትምህርቱን ጥሎ፣ ቤቱን ላቁም ብሎ፣ እንደ እኩዮቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ በእግርም በመኪናም ተሰደደ፤ መንገድ ላይ ሞተ የሚል መርዶ መጣ።

ለቅሶው ላይ አባባ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጠው ብዙ አለቀሱ። “ያቺ መኪና ብትኖር ልጁ አይሄድም ነበር” አሉ። “ለመሆኑ ምን አገኛት?”

አባቴ መሬት መሬቱን እያየ፣ “አርጅታ ነበር፣ አባባ” አለ።

ዛሬ አባቴም አባባም የሉም። ወንድሜ የት እንደተቀበረ የሚነግረን ሰው አላገኘንም፤ እናቴም መጠየቅ ትታለች። አባትሽ ጨዋ ሰው ነበር ይሉኛል ያገኘኋቸው ሁሉ፤ እውነታቸውን ነው። የዚያን ጨዋነት ዋጋ የከፈለው ግን ወንድሜ ነው።