ጉድለት የሌለበት ዳኛ

ግራሙ ሊፈታው የተነሣው ችግር ይህ ነበር፦ በጻፈው ተውኔት ውስጥ ጀግናው ሲሞት ሰው ይሥቃል።

ግራሙ የሚዛን ተቆጣጣሪ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጡለት ባለሱቆች ናቸው። የነሐስ መመዘኛዎቹን በሣጥን ይዞ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። የእጅ ላብ ክብደት ይጨምራል ብሎ ጓንት ሳያጠልቅ አይነካቸውም። አምስት ግራም የምታጭበረብር ሚዛን ያገኘ ዕለት ፊቱ እንደ ሙሽራ ሲፈካ ይውላል። የሰው ጉድለት ምግቡ ነው። የራሱን በተመለከተ ግን፣ ዝንጀሮም የገዛ መላጣዋን አይታ አታውቅም።

ከሥራ መልስ ደራሲ ይሆናል። አሥራ ሁለት ዓመት የደከመበት አሳዛኝ ተውኔት ስለ አንድ ዳኛ ነው። ዳኛው ጉቦ አይበላም፣ አይቆጣም፣ አይሳሳትም፤ በመጨረሻ የችሎቱ ግድግዳ ተንዶ ይገድለዋል። ከከተማው አዳራሽ ጀርባ ባለችው የልምምድ ክፍል ተዋንያኑ ጽሑፉን ተቀባብለው ሲያነቡ፣ ግድግዳው ላይ ሲደርሱ አንዷ ሣቋን በወረቀቱ ሸፈነች። የቀሩት መሸፈኑም አቃታቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ነገሩን ብንመረምረው ደስ ይላል። መንገደኛ ላይ ጡብ ቢወድቅበት አደጋ ነው፤ ከንፈር እንመጥጣለን፣ አምቡላንስ እንጠራለን። ያው ሰው «ማለፍ ክልክል ነው» የተባለበትን ገመድ «እኔንም?» ብሎ ተሻግሮ ቢመታ ግን ድራማ ተጀመረ። መቀመጫችን ላይ የሚያቁነጠንጠን ጡቡ አይደለም፤ ያችን «እኔንም?» እኛም ብለናት ስለምናውቅ ነው። የአሳዛኝ ተውኔት ጀግና ጉድጓዱን ራሱ ይቆፍራል፤ አካፋው ጠባዩ ነው።

አዘጋጇ፣ በዕድሜ ጠና ያለች ሴት፣ ይህንኑ ብቻውን ጠርታ አስረዳችው። ቋንቋውን ወድዳዋለች። በአዳራሹ ተውኔት ያልተያዘለት አንድ ክፍት ወቅት አለ፣ እስከ ዓርብ መልስ ትፈልጋለች። በከተማው ሌላ አዳራሽ የለም፤ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሌላ ሰውም የለም።

«አንዲት መስመር ይጨምሩልኝ» አለችው። «ግንበኛው መጥቶ ‹ግድግዳው ተሰንጥቋል› ይበለው። ዳኛው ደግሞ ‹አንተ ነህ እኔን የምታስተምረኝ?› ብሎ ያባርረው። በቃ፣ አዳራሹ ያለቅስልዎታል።»

«ዳኛው እንዲህ ያለ ሰው አይደለም።»

«በቅርብ ያውቁታል ማለት ነው?» ብላ ቀለደች። እሱ ግን ቀልድ የሚመዝንበት ሚዛን አልፈጠረበትም።

ቤት ሲገባ ሚስቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። የሴትዮዋን ድፍረት እየተንገበገበ አወራላት። ሚስቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ «መስመሯንማ መፍጠርም አያስፈልግህም» አለችው። «ባለፈው ክረምት ቧንቧ ሠሪውን ያልከው እኮ ነው።»

«ቧንቧ ሠሪው ተሳስቶ ነበር።»

«ምንጣፉ እስኪደርቅ ስምንት ቀን ፈጀ።»

ሌላ ሰው ቢሆን በዚያች ቅጽበት ብዕር ያነሣ ነበር። እሱም አንሥቷል፣ ሐሰት አይነገርበትም። በቀሩት ሦስት ቀናት፣ አዘጋጇ እስከ ዛሬ ካቀረበቻቸው ተውኔቶች ያገኘውን ሃያ ሦስት ስሕተት በተራ ቁጥር ዘረዘረ፤ ሁለት ቦታ በቀይ አሰመረበት። ዓርብ ጠዋት ደብዳቤውን በእጇ ሰጣት። እሷም እንደ ቆመች አንብባ አጠፈችው፣ ለድካሙ አመሰገነችው፣ ወቅቱን ለአንድ አስቂኝ ተውኔት ሰጠች።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ምቀኛ የለ፣ ዕጣ ፈንታ የለ፣ የተናደ ግድግዳ የለ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መጻፍ ያቃተውን ውድቀት በሦስት ቀን ሠርቶ አሳየ። ያላየው እሱ ብቻ ነው።

ለነገሩ ተስፋ አልቆረጠም። ዳኛው ጉድለት ያስፈልገዋል መባሉን በኋላ ተቀብሎ አንድ ሰጥቶታል፤ ደግነቱ ከልክ ያለፈ ነው። አዘጋጅም ተዋናይም ራሱ ሆኖ፣ በመሥሪያ ቤቱ የስብሰባ ክፍል ለባልደረቦቹ ሊያቀርበው ነው። ማታ ማታ መኝታ ቤቱ ወለል ላይ ተዘርሮ አሟሟቱን ይለማመዳል። ሰው እንዲያለቅስ ሬሳ መንቀሳቀስ እንደሌለበት ያውቃል፤ ያስቸገረው፣ ሚስቱ ማልቀስ አለማልቀሷን ለማየት አንድ ዓይኑን መግለጡ ነው። አሁን ሁለቱንም ጨፍኖ እስከ ሃያ ለመቁጠር እየጣረ ነው። ትናንት ስድስት ደርሷል።