የጾሙ ትሪ

እናቴ አይብ መሆኑን ታውቅ ነበር?

አንዳንድ ቀን «እንዴት አታውቅም?» እላለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ሐይቅ ገበያ ላይ ቅቤና አይብ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። በጾም ወራት መቅመስ ስለማትችል በአፍንጫዋ ነበር የምትለየው፤ አይቡ እሳት በዝቶበት እንደሆነ፣ አጓቱ በደንብ ሳይወጣለት ቀርቶ እንደሆነ፣ ገና ክዳኑ ሲነሣ ትናገር ነበር። በሌላው ቀን ደግሞ «ብታውቅ ኖሮ እንዴት ትበላዋለች?» እላለሁ። ቅቤ በነካ ቢላዋ ሽንኩርት የከተፍኩላት ዕለት ሽንኩርቱን ከነትሪው ደጅ የደፋች ሰው ናት። ጾም አትገድፍም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል እመላለሳለሁ። እናቴ ዛሬም አለች፤ አንድ ጊዜ ጠይቄያት መልሱን ነፍጋኛለች፤ ደግሜ አልጠይቃትም።

ነገሩ የሚጀምረው ከስለት ነው። ታናሽ እህቴ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። አንድ ክረምት ስልኳ ዝም አለ። እናቴ እንጀራ እንኳ አልወርድ ሲላት ለግሸን ማርያም ተሳለች፦ ልጄን በደህና ካመጣሽልኝ፣ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ደጅሽን እስክረግጥ ድረስ የፍስክ ነገር በአፌ አይዞርም አለች። ስልኩ ተከፈተ፤ ልጅቱም ቆይታ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት በደህና መጣች። ሰው ሁሉ የሁለት ወር ጾሙን ፈትቶ ሥጋና ወተት ሲያማርጥ እናቴ ጀመረች። የንስሐ አባቷ «በበዓለ ሃምሳ አይጾምም» ብለው ተቆጧት። «ሰዓት አልቆጥርም አባቴ፤ አልቀምስም አልኩ እንጂ እጾማለሁ አላልኩም» አለቻቸው። እሳቸውም ሳቁና ተዉዋት። የግሸን ንግሥ መስከረም ሃያ አንድ ነው። እስከዚያ ድረስ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች።

ለእኔ ተስላ አታውቅም። እኔ የትም ስላልሄድኩ የሚያሳስል ነገር አልነበረም። ታናሼ በጊዜዋ ትምህርት ቤት ስትገባ እኔ ከእናቴ ኋላ የቅቤ ዕቃ ተሸክሜ ገበያ ስሄድ ኖርኩ፤ ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን በሚያስመዘግቡበት ዕድሜ፣ በማታ ትምህርት ነው። አሁን አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። እህቴ ይህን ታውቃለችና «ቲቸር» ትለኛለች። መምህር አለመሆኔንም ታውቃለች።

ከቤሩት ኦቨን ይዛ መጣች። እሑድ እሑድ ከደሴ እያስመጣች በአይብ የሚሞላ፣ እንደ ቱቦ ክፍት የሆነ ትልልቅ ፓስታ ትሠራ ጀመር። አሠራሩን ልናገር፤ ጥሩ ነገር ስለሆነ አልክድም። አይቡ አዳሩን በንጹሕ ሻሽ ታስሮ፣ ድንጋይ ተጭኖበት፣ አጓቱ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ያድራል። ከዚያ በእንቁላል፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ይታሻል። ፌስታል ውስጥ ተጨምሮ የፌስታሉ ጥግ በመቀስ ይቆረጥና ወደ ቱቦው ይጨመቃል። ትሪው ላይ መጀመሪያ የቲማቲም ስልስ ይነጠፋል፣ ቱቦዎቹ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፣ እንደገና ስልስ፣ በላዩ ቺዝ ተፍቆ ኦቨን ይገባል። ለእናቴ ሌላ ትንሽ ትሪ ነበራት። የእሷ የሚሞላው በተፈጨ ድንች ነው፤ ላዩ ላይ በቺዝ ፈንታ በዘይት የታሸ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ይነሰነሳል። የእናቴን ትሪ ማንም በማንኪያው አይነካውም። የፍስክ ማንኪያ ነው ብላ ታባርረናለች።

እኔ የማልታገሠው ፓስታው ከመጠን በላይ መቀቀሉን ነበር። እህቴ እንደ ሀገሩ ሰው ሁሉ እስኪፈራርስ ነበር የምትቀቅለው፤ ቱቦው ሲሞላ በጎኑ ይተረተራል፣ ውስጡ ያለው ወጥቶ ከስልሱ ጋር ይቦካል።

«ገና መሀሉ ጥሬ ሳለ አውጪው» አልኳት። «ኦቨን ውስጥ ይጨርሳል። ማሸጊያው ላይ ተጽፏል።»

«ማሸጊያ ታነባለች ደግሞ! እኔ ስንት ዓመት የሠራሁትን እሷ ከወረቀት ታስተምረኛለች። ያላ ቲቸር፣ ሂጂና መጽሐፍሽን ደርድሪ።»

ሐምሌ ላይ ግን አንድ እሑድ ስመለከት ቱቦዎቹ ጠንክረው ቆመዋል። አንዳቸውም አልተተረተሩም፤ በተለይ የእናቴ ትሪ ላይ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ምክሬን ተቀበለችኝ ብዬ ደስ አለኝ። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ በላሁ። ያን ደስታ ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

ከዚያ እሑድ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ እናቴ ልብስ ስታጥብ ወድቃ ነበር። ጤና ጣቢያ ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሙ ደም የላትም፣ ወተት፣ እንቁላል፣ አይብ ስጧት አለ። እናቴ «ከግሸን መልስ» አለችው። ሐኪሙ እኔን አየኝ፤ እኔ እህቴን አየሁ፤ እህቴ ግድግዳውን አየች።

የዘመን መለወጫ ዕለት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። አይቡ ጎደለ ብላ እህቴ ጎረቤታችን ዘንድ ላከችኝ። ሴትዮዋ ላሞች አሏት፤ እናቴ የቅቤና የአይብ ንግዱን ከተወች ወዲህ ከእሷ ነው የምንገዛው። ዕቃዬን እየሞላች ሳቀችብኝ።

«ወላሂ፣ ሁለት ሴቶች ይኸን ሁሉ አይብ ምን ውስጥ ነው የምትከቱት? እናትሽ እንደሁ ነዝር አለባት፣ የስለት ጾም ይዛለች።»

«እንግዳ አለ ለበዓሉ» አልኳት። እንግዳ አልነበረም።

በጓሮ በኩል ገባሁ። ዶሮዎቻችን ከወጥ ቤቱ በር ሥር ተሰብስበው ይጣላሉ። የሚጣሉበት ነገር የተፈጨ ድንች ነበር፤ ቃሪያው ሳይቀር ገብቶበታል፣ ገና ይጨሳል። ወጥ ቤት ገባሁ። የእናቴ ትሪ ተሞልቶ፣ ፍርፋሪው ተነስንሶበት፣ ኦቨን ለመግባት ይጠብቃል። ማንኪያ አነሣሁና ዳር ላይ ያለውን ቱቦ በጀርባው ሰነጠቅሁት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

እህቴ ቺዝ እየፋቀች ነበር፤ ዘወር አላለችም። «አይብ ነዋ። በአይብ አድገሽ አይብ ጠፋብሽ?»

«የእማ ትሪ ነው።»

«አዎ፣ የእማ ትሪ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሐምሌ። ፍልሰታን ግን አልነካሁባትም። እኔም ክርስቲያን ነኝ።»

ያን ጊዜ ነው ሁሉም የገባኝ። ፓስታውን ጠንከር አድርጋ ማውጣት የጀመረችው የኔን ነገር ሰምታ አይደለም። የተተረተረ ቱቦ ውስጡን ያሳያል። ምክሬን የወሰደችው እናቴን ለማታለል ነው።

«አስገደፍሻት» አልኳት።

«የማያውቅ ሰው አይገድፍም። ኃጢአቱ የኔ ነው፤ ኻላስ፣ በቃ፣ እኔው እሸከመዋለሁ። ሐኪሙ ያለውን አብረሽኝ ሰምተሻል። አንቺ ምን አደረግሽላት? ምስር ቀቀልሽ! ሴትዮዋ በቁሟ እየደረቀች አንቺ የምስሩን ውሃ ትለኪያለሽ።»

«ስለቷ ነው። የኛ አይደለም።»

«የማን ስለት?» አሁን ዞረች። መፋቂያው እጇ ላይ ነው። «ለማን ብላ ነው የተሳለችው? ለኔ! እኔ ተሳይልኝ አልኳት? በኔ ምክንያት ደሟ አልቆ ስትወድቅ ልይ? የኔ ከሆነ የኔ ነው፤ ማፍረስ ብፈልግ አፈርሰዋለሁ።»

«ስትመጣ እነግራታለሁ።»

«ንገሪያት። ከዛሬ ጀምሮ ከሰው እጅ ውሃ አትቀበልም፤ አታውቂያትም እንዴ? ግሸን መንገድ ላይ ተዝለፍልፋ ስትወድቅ በመጽሐፍሽ ትሸከሚያታለሽ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ከጩኸቱ ይልቅ ይኼ ነው የቆረጠኝ። «ደግሞ አንቺን የከነከነሽ ጾሙ አይደለም። ላንቺ ማንም ተስሎልሽ ስለማያውቅ ነው።»

ማንኪያውን ወረወርኩት። ኦቨኑን መትቶ ወደቀ። እሷ አነሣችው፣ አጠበችው፣ የሰነጠቅሁትን ቱቦ በስልስ ሸፈነችው።

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። ነጠላዋን አጣጥፋ ተቀመጠች። እህቴ ትሪውን ፊቷ አቀረበችና ከኔ ትይዩ ተቀምጣ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተከለች፦ ንገሪያታ፣ አለችኝ ያለ ቃል። እናቴ ቆረሰች። ሹካውን ወደ አፏ ስታደርስ ለትንሽ ጊዜ አፍንጫዋ አጠገብ ያቆመችው መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው፤ ከዚያ በላይ አልምልበትም። ጎረሰች፣ አላመጠች።

«ድንቹ ዛሬ ለስልሷል» አለች።

እህቴ «ብይልኝ እማ» አለቻት፤ ትሪው ባዶ ሆነ። በእናቴ አፍ ውስጥ ያለን ጉርሻ እንዴት አድርገው በቃል እንደሚያስተፉ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቴን ትሪ እኔ እሠራለሁ አልኩ። እህቴ እጇን አጥፋ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ድንቹን ራሴ ቀቀልሁ፣ ራሴ ፈጨሁ፣ በወንፊት አሳለፍሁ፣ ዘይቱን በአዲስ ጠርሙስ አደረግሁ። ቱቦዎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። እንዲህ ተጠንቅቄ የሠራሁት ምግብ የለም።

እናቴ ትንሽ ቀማመሰችና ገፋችው። «አልጣመኝም» አለች።

«ምኑ ነው ያልጣመሽ?»

«እኔ እንጃ። የእህትሽ እጅ ይሻላል።»

እህቴ በሩ ላይ ሳቀች። ድምፅ ያለው ሳቅ አልነበረም፤ ትከሻዋ ብቻ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በኋላ እኔና እሷ የምንነጋገረው በእናታችን በኩል ሆነ፤ «እማ፣ ልጅሽን ጨው አቀብይኝ በያት» ዓይነት። እናቴ ምን ሆናችሁ ብላ አልጠየቀችም። ይኼም ይከነክነኛል።

ንግሡ ሲደርስ ለማርያም የሚሰጠውን ጥላ ይዘን ከእናቴ ጋር ወጣን። እህቴ ቤት ቀረች፤ «ስለቱን የተሳለው ሰው ያድርስ» አለች። አውቶብሱ የአምባው ግርጌ ላይ አወረደን። ከዚያ ወዲያ እግር ነው። ከክረምቱ የተረፈ ያልደረቀ ጭቃ፣ ዱላ የያዘ ሽማግሌ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ የሚዘምር ወጣት፣ ሁሉም ወደ ላይ። እናቴ በየጥቂቱ እየቆመች ትተነፍሳለች እንጂ አልወደቀችም። ስትወጣ ከኋላዋ ሆኜ ተረከዟን እያየሁ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፦ ደጁ ላይ ቆማ «ቃሌን ጠብቄያለሁ» ልትል ነው። ያላደረገችውን አደረግሁ ብላ፣ በሰው ተንኮል፣ እዚያ ልትቆም ነው።

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ተናገሪ።»

«እህቴ ትሪሽ ውስጥ ስትጨምር የነበረው ድንች አይደለም። አይብ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ አይብ ነበር።»

የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ ግንባሯን ጠረገች። ፊቷ ላይ ምንም ነገር አላነበብሁም፤ ማንበብ ዘግይቼ ነው የተማርኩት።

«ጨረስሽ?»

«አዎ።»

«ደጇ ልደርስ ስል ነው የምትነግሪኝ?»

«ሳታውቂ ጠበቅሁ እንዳትዪያት ብዬ ነው።»

«እኔ ለእሷ የምላትን አንቺ ልታስተምሪኝ?» ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ግን አጠገባችን የተቀመጠች ሴት ዘወር አለች። «ለማን ብለሽ ነው የነገርሽኝ? ለኔ ነው? ለእመቤቴ ነው? እሷ የማታውቅ መስሎሽ ነው? ወይስ እህትሽን እንድረግምልሽ ነው?»

«ለእውነት ብዬ ነው።»

«ለእውነት!» ምራቋን ዋጠች። «የዘመን መለወጫ ዕለት እውነትሽ የት ነበር? ስበላ እያየሽ ዝም አልሽ። ፊትሽን አይቸው ነበር።»

ፊቴን አይታው ነበር። «ታውቂ ነበር ማለት ነው? እማ፣ ታውቂ ነበር?»

«ጥላውን አምጪ» አለችኝ።

ሰጠኋት። እጄን ልደግፋት ስዘረጋ ገፋችውና ዘወር ብላ ያየችንን ሴት ክንድ ያዘች። የማታውቃት ሴት ናት። «ልጄ፣ እስከ ላይ አድርሽኝ» አለቻት። ሴትዮዋ እኔን አየችኝ፣ እናቴን አየች፣ ከዚያ «እሺ እናቴ» ብላ ተነሣች።

ተያይዘው ወጡ። እኔ ድንጋዩ ላይ ቀረሁ። የሚያልፉ ሰዎች «ተነሽ እንጂ እህቴ፣ ቅዳሴው ያመልጥሻል» ይሉኛል። መታጠፊያው እስኪሰውራት ድረስ አየኋት። እዚያ ደርሳ ምን እንዳለች፣ ጠበቅሁ ብትል አልጠበቅሁም ብትል፣ የሰማት የለም። እኔ ወደ ላይ አልወጣሁም።