እውነቱን ይዤ ወደ ዊልስደን

ቅዳሜ ጠዋት፣ ስቶክዌል

ለንደን ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬ፣ አሥራ ዘጠኙን ዓመት አውቶቡስ ስነዳ፣ እንዳለፈው ቅዳሜ ያለ ረጅም መንገድ ሄጄ አላውቅም። ርቀቱን ለሚጠይቀኝ ከስቶክዌል ዌምብሊ፣ ከዌምብሊ ዊልስደን ነው፤ ሰው ለገበያ የሚመላለስበት መንገድ። እኔ የወጣሁት ግን ታናሽ እህቴን ሂሩትን ላገኝ ነው። ከተነጋገርን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው፤ ስልኬንም ብሎክ አድርጋዋለች።

ያስነሳኝ የአክስታችን ጉዳይ ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ ጉለሌ ያሳደገችን የአባታችን እህት፣ እታበባ የምንላት፣ በጠና ታማለች። ሐሙስ ዕለት ልጇ ደረጀ ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ ሐኪሞቹ ቀናት ነው የቀሯት እንዳሉት ነገረኝ። አስከትሎም፣ "ለሂሩት እንዳትነግራት፣ አደራ! ሰው አገር ሕፃን ይዛ ትጨነቃለች። ሲሆን በደንቡ እናረዳታለን" አለኝ።

ደንቡንማ አውቀዋለሁ። አባታችን ሲያርፍ ሂሩት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እስክትገላገል፣ ከዚያ እስክትጠነክር እያልኩ ሦስት ወር ደበቅኳት። አባባን አገናኘኝ ስትለኝ ስልኩ ተበላሽቷል እላለሁ። እንዲያውም አንድ ቀን ሹራብ ገዝታ "ላክለት" ብላ ሰጠችኝ፤ ተቀበልኩ። በመጨረሻ አራት ሽማግሌ አስከትዬ ጎህ ሲቀድ በሯን አንኳኳሁ። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ "ሹራቡን ስትቀበለኝ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም።

ስለዚህ ልብስ መምረጥ እንኳ ጭንቅ ሆነብኝ። ጥቁር ከለበስኩ መርዶ ነው። ማለዳ ከደረስኩም፣ ሰው ካስከተልኩም ያው ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ ብቻዬን፣ ቀትር ካለፈ በኋላ ልደርስ ወሰንኩ።

ባቡር ውስጥ

ለነጩ ሸሚዝ ሌላም ምክንያት ነበረው። የሥራ ባልደረባዬ ሱኒል የስሪላንካ ሰው ነው፤ ቡዲስት። የእናቱን ሙት ዓመት ዌምብሊ በሚገኘው ቤተ መቅደሳቸው መነኮሳት በማብላት ስለሚያስብ፣ "ነጭ ለብሰህ ና" ብሎኛል። መንገዴ ላይ ነው ብዬ እሺ አልኩ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ፈርቼ ነው፤ ሁለት ሰዓት የሚያዘገየኝ ሰበብ እፈልግ ነበር።

ሱኒል በሻይ ሰዓታችን አንድ ልምምድ አስተምሮኛል። በልብህ "ደህና ሁን፣ ከሥቃይ ዳን" እያልክ መመኘት ነው። ከራስህ ትጀምራለህ፣ ለምትወደው ትቀጥላለህ፣ ከዚያ ለማታውቀው፣ በመጨረሻ ለከበደህ ሰው። ማተቤን አልበጠስኩም፤ ለጠላትህ ጸልይ እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ነኝና ነገሩ ባዳ አልሆነብኝም። ለሥራዬም በጅቶኛል። ድሮ ተሳፋሪ እየሮጠ ሲመጣ በመስታወት እያየሁት በር ዘግቼ እነሳ ነበር። አሁን እጠብቀዋለሁ። ብዙዎቹ አመሰግናለሁ ሳይሉ ያልፋሉ፤ ይለፉ።

ግሪን ፓርክ ላይ ባቡር ቀየርኩ። ፊት ለፊቴ አንድ ጎልማሳ ሻንጣውን ወንበር ላይ አስቀምጦ አንዲት አሮጊት አስቁሟል። ደህና ሁን አልኩት በልቤ፤ ሻንጣህም ደህና ይሁን። ለአሮጊቷ ወንበሬን ለቀቅኩና ቆሜ ቀጠልኩ። ለራሴም፣ ለእታበባም ተመኘሁ። ሂሩት ላይ ስደርስ ግን ምኞቱ እምቢ አለኝ። "ደህና ሁኚ" ልል ስል የሚመጣልኝ ክርክር ብቻ ነበር፦ ለአንቺ ብዬ እኮ ነው፣ ለአንቺ ብዬ እኮ ነው። ዌምብሊ ፓርክ እስክደርስ ስከራከር ሄድኩ።

ዌምብሊ

ከባቡር ወርጄ ከአንድ የሕንድ ሱቅ አንድ ካርቶን ማንጎ በስድስት ፓውንድ ገዛሁ፤ ሂሩት ማንጎ ትወዳለች። ቤተ መቅደሱ ከውጭ ሲያዩት የማንም መኖሪያ ቤት ይመስላል። የሚለየው ደጃፉ ላይ የተደረደረው ጫማ ነው። እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ጫማዬን ሳወልቅ ትንሽ ቀለለኝ፤ ካልሲዬ ግን ተቀዶ ኖሯል።

መነኮሳቱ ከቀትር በኋላ ስለማይበሉ ምግቡ በጊዜ ቀረበ። እኔ ደግሞ ፍልሰታን እየጾምኩ ነው። የሱኒል ሚስት ሳልጠይቃት ድስቶቹን ለይታ፣ "ይኼኛው ዓሣ አለበት፤ አንተ ከእነዚህ ብላ" አለችኝ። ሩዝና በኮኮናት ወተት የተሠራ ምስር በላሁ። ማቃጠሉ በሚጥሚጣ ያደግኩትን ሰው እንባዬን አወረደው።

ከምግቡ በኋላ አንድ ሸምገል ያሉ መነኩሴ በእንግሊዝኛ ጥቂት ተናገሩ። ጥበብ ማለት ነገሩን እንዳለ ማየት ነው፣ ርኅራኄ ደግሞ ካዩ በኋላ ጥሎ አለመሄድ ነው አሉ። ከመናገርህ በፊት እውነት ነው ወይ፣ ይጠቅማል ወይ፣ ጊዜው ነው ወይ፣ ከፍቅር ነው ወይ ብለህ ጠይቅ አሉን። ሰው ሲበተን ጠጋ አልኩ፤ ሱኒል አብሮኝ አውቶቡስ የሚነዳ፣ ከዚህ ወደ እህቱ የሚሄድ ወዳጄ ነው ብሎ አስተዋወቀኝ። ምን ብዬ እንደምጠራቸው ስላላወቅኩ "አባ" አልኳቸው።

"አባ፣ ሰው እንዳይጎዳ ብሎ ሞት መደበቅ ርኅራኄ አይደለም?"

"ሊሆን ይችላል። አንተ በደበቅህበት ጊዜ የማን ሕመም ቀነሰ?"

የእህቴ ልል አፌን ከፈትኩ። ሹራቡን የተቀበልኩበት ቀን ትዝ አለኝ። ያን ቀን ብነግራት ኖሮ እዚያው፣ ብቻዬን፣ ለቅሶዋን ማየቴ ነበር። እሱን ነበር ያልቻልኩት። አራቱ ሽማግሌዎችም ለሷ ሳይሆን ለእኔ መደገፊያ ነበሩ።

"የኔ" አልኳቸው።

"እንግዲያው ለፈራው ሰውዬም እዘንለት" አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉት። "አሁን ሂድ፤ አውቶቡስ ነጂ አውቶቡስ ሲያመልጠው ያስቃል።"

ዊልስደን

ወደ ዊልስደን አውቶቡስ ያዝኩ። ማንጎውን ጭኔ ላይ አድርጌ ንግግሬን አጠናሁ፦ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ስለ ልጇ፣ ከዚያ ገብቶ መቀመጥ፣ ከዚያ በቀስታ።

ቤቷ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳንኳኳ የተሰማኝን ፍርሃት ለጠላቴም አልመኝም። ከፈተች። ከስታለች። ከጉልበቷ ሥር አንዲት ጠጉረ ሉጫ ሕፃን ብቅ ብላ ማን እንደሆንኩ እናቷን በእንግሊዝኛ ጠየቀች። የእህቴን ልጅ ከአራስነቷ ወዲህ ያኔ አየኋት።

ሂሩት ግን ፊቷ ደም የለውም። "ማን ሞተ?" አለች።

"እንደምን ዋልሽ ሂሩትዬ። እስኪ ገባ ብለን ቁጭ እንበል።"

ስህተቴ የገባኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። "ገባ ብለን ቁጭ እንበል" የመርዶ ነጋሪ ቃል ነው። ነጭ ሸሚዝም ማንጎም ምን ይፈይዳል? ሂሩት እጇን ራሷ ላይ ጭና እዚያው ደፉ ላይ ተዘረፈጠች። "እታበባ! ወይኔ እታበባ!"

ካርቶኑ ከእጄ ወደቀ። "አልሞተችም! ሂሩትዬ ስሚኝ፣ አለች! በጣም ታማለች፤ ቀናት ነው የቀሯት ብለዋል። ከሐሙስ ጀምሮ አውቃለሁ። እንዳልነግርሽ አደራ ብለውኝ ነበር፤ ልነግርሽ መጣሁ። አሁን ብትደውዪ ታናግርሻለች።"

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ተነስታ በመዳፏ ደረቴን መታችኝ፤ ደገመችኝ። "ታዲያ ለምን ቁጭ እንበል ትለኛለህ? ልትገድለኝ ነው?"

"ሞኝነቴ ነው። ያኔም የአባባን የደበቅኩሽ ላንቺ ብዬ አይደለም። ስታለቅሺ ማየት ፈርቼ ነው። ይቅር በዪኝ።"

ይቅር ብያለሁ አላለችም። "ግባ" አለችኝ ብቻ። ማንጎዎቹን ከደረጃው ላይ ከሕፃኗ ጋር ለቅመን ገባን።

ለደረጀ በቪዲዮ ደወለች። እኔ ጥግ ተቀመጥኩ። "አይ፣ እታበባ ደህና ናት፣ አሁን እንቅልፍ ወስዷት ነው" ሲል ሰማሁት፤ የገዛ ድምፄን የሰማሁ ያህል አፈርኩ።

"ደሬ፣ ሁሉን ነግሮኛል" አለችው ሂሩት። "ስልኩን ስጣት፣ በማርያም።"

ከዚያ ትራስ ላይ ያረፈ ትንሽ ፊት መጣ።

"ሂሩት ነሽ? ምሳ በላሽ?"

"በልቻለሁ እታበባ። እንዳመመሽ አሁን መስማቴ ነው።"

"እሰይ!" አለች እታበባ፤ ድምፅዋ ቀጥኗል እንጂ ቁጣዋ እንዳለ ነው። "የሚያምነኝ ሰው አገኘሁ። የሚገባው የሚወጣው ሁሉ ድነሻል፣ ፊትሽ በርቷል ይለኛል። ልሰናበት ብል ማን ይስማኝ? ብቻዬን ልሄድ ነው ስል ነበር።"

እኛ ጤነኞቹን የምንከልል መስሎን በሽተኛዋን ብቻዋን አስቀርተናት ኖሯል። አለቀስኩ፤ ሂሩት ግን ያን ጊዜ አላለቀሰችም። ሃያ ደቂቃ ያህል አወሩ። እታበባ ሕፃኗን አይታ መረቀች። በመጨረሻ "ወንድምሽስ?" አለቻት።

"እዚሁ አጠገቤ ነው።"

"ታርቃችኋል?"

ሂሩት ዞር ብላ አየችኝ። "እየሞከርን ነው፣ እታበባ።"

ወደ ቤት

ሲመሽ ስቶክዌል ተመለስኩ። ጫማዬን አውልቄ አልጋ ጠርዝ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚህ መንገድ የተማርኩትን ለአንባቢ ልናገር ካልኩ፣ ርኅራኄ ሰውን ከእንባ ማዳን ይመስለኝ ነበር፤ አብሮ መቀመጥ ኖሯል። እውነቱን አለዝባለሁ ብዬ ያዘገየሁት ጊዜ ደግሞ የኔ አልነበረም፤ የነሱ ነበር። ደንባችንን አልንቅም። ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ፍቅር ነው። ሦስት ወር ሙሉ ዓይን እያዩ መዋሸት ግን ደንብ አይደለም። ይህን እያወቅኩ ነገ እንደገና እፈራ ይሆናል፤ ፈሪነቴን አውቀዋለሁ።

ሂሩት እሑድም ሰኞም ለእታበባ ደወለች። ማክሰኞ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ጠዋት ስልኬ ሲጮህ የሷን ስም አየሁ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ወንድም ጋሼ፣ እታበባ አረፈች" አለችኝ። "አሁን ነው፣ እያናገርኳት። ብቻህን ነህ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"መጣሁ። ባቡር ውስጥ ስልክ ይቋረጣል፤ በአውቶቡስ ነው የምመጣው። እስክደርስ እንዳትዘጋው።"

ከዊልስደን ስቶክዌል በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። ኪልበርን ደርሻለሁ፣ ማርብል አርች ደርሻለሁ፣ ቮክስሆል ደርሻለሁ ትለኛለች። በመካከሉ እሷም ታለቅሳለች፣ እኔም አለቅሳለሁ። በሬ እስኪንኳኳ ድረስ ስልኩን አልዘጋችውም።