የኋላ ፍሬን ከታምቡር ወደ ዲስክ፦ ከገላባት ገዳሪፍ ደርሶ መልስ

ከመተማ ፊት ለፊት ካለችው የሱዳን ከተማ፣ ከገላባት የተነሳነው በሰኔ መጀመሪያ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ነው። መኪናዋ የታናሽ ወንድሜ የሰይድ አሮጌ ፒክአፕ ናት፤ ከገዳሪፍ ማሽላ እያመጣች ሱቃችን በር ላይ ታራግፋለች። ዘመኑ የሰባ ሰባቱ ርሃብ ነው። ከመተማ ማዶ የሚሻገረው ሰው ከቀን ወደ ቀን ስለሚበዛ የመጣው እህል አያድርም። ዝናቡ ከጠና ደግሞ ጥቁሩ አፈር እንደ ሙጫ ይይዛል፤ መንገዱ እስከ መስከረም ይዘጋል። ከዚያ በፊት አንድ ጭነት ማስገባት ነበረብን።

ችግሩ ፍሬኑ ነበር። ባለፈው ጉዞ ሰይድ ኾር ተሻገረ፤ ኾር የሚሉት በጋ ደርቆ ዝናብ ሲጥል የሚሞላውን ወንዝ ነው። ወጥቶ ከማዶ ባለው ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን ቢረግጠው መኪናዋ አልሰማችውም። መንገድ ዳር ወደተቀመጡት ስደተኞች ስትሮጥ መሪውን ጠምዝዞ ከግራር ጋር አላተማት። ሰው አልተነካም። ሰይድ ግን ከዚያ ወዲህ የዚያን ቁልቁለት ስም አይጠራም።

እኔ አብሬው የሄድኩት አንድም ትዕግሥት አጥቶ ሳያስጠግን ጭኖ እንዳይመለስ ነው። አንድም በደረቅ የሚይዝ ፍሬን ውሃ ሲነካው ለምን እንደሚከዳ ማወቅ ፈልጌ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ፣ ያልገባኝን እንደገባኝ አድርጌ ማለፍ አልወድም።

ባዶ መኪና ስለነበረች ቀስ እያልን በሁለተኛ ማርሽ ወረድን። መንገድ ላይ ካለችው ዶካ ከተማ ፉል በሰሊጥ ዘይት በላን። ከዚያ ወዲያ አጥር የሌለው እርሻ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት የለም። ጥላ ባለበት ሁሉ ሰው ተቀምጧል።

ገዳሪፍ፣ ከጋራዦቹ ሰፈር

ኡስታ ኢብራሂም፣ ኡስታ የሚሉት የእጅ ባለሙያን ነው፣ አባቱ ከጎንደር የመጣ፣ እሱ ግን እዚያው ገዳሪፍ የተወለደ መካኒክ ነው። የኋላውን ጎማ አውልቆ ታምቡሩን በመዶሻ መታ መታ ሲያደርገው እንደ ጡብ የደረቀ ጭቃ ወደቀ።

«ይኸው ፍሬንህ» አለው ሰይድን። «ጎጆ ልትሠራበት ነው?»

ታምቡር እንደ ድስት የተከደነ ነው፤ ሸራ የሚሉት የፍሬን ልባስ ከውስጥ ሆኖ ግድግዳውን እየገፋ ያቆማል። ውሃና ጭቃ ከገባ መውጫ የለውም። የፊቱ ፍሬን ግን ዲስክ ነበር። ገላጣ የብረት ሳህን ነው፤ ከግራና ከቀኝ ይቆነጠጣል፣ ሲዞር ውሃውን ይረጨዋል፤ ሙሉ ጭነት ቁልቁለት ላይ ግን ብቻውን አይችልም። ጥያቄዬ በዚህ ተመለሰ፤ ሌላ ግን ወለደ።

«ታዲያ የኋላው ለምን ዲስክ አይሆንም?» አልኩት።

«ይሆናል፣ እት አሚና። ይኸኛው ታምቡር ተበልቷል፤ አዲስ ከካርቱም እስኪመጣ ዝናቡ ይቀድማችኋል፤ ዋጋውም አይቀመስም።»

ከጋራዡ ጀርባ የተገለበጠች የእኛዋ እኩያ ፒክአፕ ነበረች። የፊት ዲስኮቿንና ቆንጣጮቿን ፈታ። ቆንጣጩን ከእኛ አክስል ጋር የሚያጋባ ጠፍጣፋ ብረት ከአሮጌ ተሳቢ ሻንሲ ቆረጠ፤ ልኩን መጀመሪያ በሻይ ካርቶን አወጣ።

«የእጅ ፍሬኑስ?» አልኩት። «የሚያዘው በታምቡር አይደለም?»

«በሌላው መኪና አዎ። የእናንተ ከካምቢዮው ጀርባ ለብቻው ነው። ባይሆን ይህን ሥራ አልነካውም ነበር።»

ወጪው ከአዲስ ታምቡር ግማሽ አልደረሰም። የመካኒኮቹ ሰፈር ግን አንድ ደንብ አለው፦ ፍሬን የሠራ ሰው ከመጀመሪያው ጭነት ጋር ይሄዳል፤ የሚቀመጠውም ጋቢና ሳይሆን ጆንያው ላይ ነው። ማሽላውን ጭነን ስንጨርስ ኢብራሂም ፎጣውን ጠምጥሞ ጆንያው ላይ ወጣ።

መልስ

የመጀመሪያውን ኾር አልፈን ብዙም ሳንርቅ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ኢብራሂም የጋቢናውን ጣራ ደበደበ። ስንወርድ የኋላ ጎማዎቹ እጅ አያስጠጉም። ሰይድ ጀሪካን ይዞ ሲመጣ ኢብራሂም እጁን ያዘው።

«ልትሰነጥቀው ነው? የጋለ ብረት ላይ ውሃ?»

«እና ይቃጠል? ሥራህ ነው ያቃጠለው!»

«እግርህ ነው እንጂ! የፍሬን መብራትህን ከላይ አይቻለሁ፤ ከውሃ ከወጣህ ጀምሮ ፔዳል ላይ ነህ።»

እውነቱን ነው። ከኾር የወጣ ሹፌር ሁሉ ፔዳሉን በስሱ ረግጦ ይነዳል፤ ሸራው ግሎ እንዲደርቅለት ነው። ዲስክ ይህን አይፈልግም፤ የሰይድ እግር ግን አልተነገረውም።

«እንግዲያው መኪናዋ ትቀዝቅዝና በክሪክ አንሷት» አልኩ። «ሰይድ ጋቢና አይግባ። ጎማው ለብቻው ይዙር እንይ።»

ጠበቅን። በምሥራቅ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ጎማው ተነስቶ በእጅ ቢገፋ እያንቋረረ ሩብ ዙር ሄዶ ቆመ።

«ፔዳሉን ማንም አልነካም» አልኩ። «ታዲያ ማን ነው የሚረግጠው?»

ኢብራሂም ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ተኛና የቆንጣጩን የዘይት ቡሎን ላላ አደረገው። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣ፤ ጎማው ወዲያው ተፈትቶ ዞረ።

«ማዕሌሽ፣ ይቅር በለኝ ሰይድ» አለ ከሥር። «እኔም አለሁበት።»

የፍሬኑ ዋና ፖምፓ ውስጥ ለኋላው መስመር የተቀመጠች ትንሽ ቫልቮላ አለች። ሸራው ከታምቡሩ እንዳይርቅ፣ ፔዳሉ ከተለቀቀም በኋላ ዘይቱን ትንሽ ጨቁና ትይዛለች። ለታምቡር ደግ ናት፤ ዲስክን ግን ሳያቋርጥ ታስቆነጥጠዋለች። ታምቡሩን ስናወጣ እሷ ቀርታለች።

ባዶ ጆንያ አንጥፎ ፖምፓውን ፈታና ቫልቮላዋን አወጣት። ከዚያ አየሩ ከመስመሩ እስኪወጣ ሰይድ ፔዳሉ ላይ፣ ኢብራሂም ጎማው ሥር፣ እኔ በመሃል ሆኜ «ርገጥ»፣ «ያዝ»፣ «ልቀቅ» እያልኩ ተጣራሁ።

«እትዬን ሹም አደረግናት» አለ ሰይድ።

«ፊትም ሹም ነበረች» አለ ኢብራሂም።

ሰይድ ስሙን የማይጠራው ቁልቁለት ጋ ስንደርስ ኾሩ ጉልበት ድረስ መጥቶ ነበር። ተሻግረን ወጣን። ሰዎቹ ዛሬም መንገድ ዳር ናቸው፤ እንዲያውም በዝተዋል። ሰይድ ሙሉ ጭነት ይዞ ከእነሱ ርቆ ፔዳሉን ረገጠ፤ መኪናዋ ቆመች። ከዚያ ወርዶ መራመድ ያቃታቸውን ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢና አስገባ፤ እኔ ከኢብራሂም ጋር ጆንያው ላይ ወጣሁ።

ገላባት

ማሽላው የወረደው እያካፋ ነው። በማግስቱ ዝናቡ ሳያቋርጥ ጣለ፤ ከእኛ በኋላ የገባ መኪና የለም። ሁለተኛ ጭነት አልሆነልንም። አንዱ ግን ገብቷል፤ የበሉትን አይቻለሁ።

ከጉዞው የተማርኩት አሮጌ ነገር ሲለወጥ የሚወጣውን ብቻ ማየት እንደማይበቃ ነው። ለአሮጌው ተብሎ የተቀመጠ ትንሽ ነገር የሆነ ቦታ ይቀራል፤ አንዱ ፖምፓ ውስጥ፣ አንዱ ሰው እግር ላይ። ተጎንብሶ መፈለግ ያስፈልጋል።

መንገዱ ስለተዘጋ ኡስታ ኢብራሂም ክረምቱን እኛው ቤት ከረመ።

«ፍሬኑን አጥብቀህ ሠራኸው» ይለዋል ሰይድ። «አንተንም ያዘህ።»

እኔ ግን አልከፋኝም። እስከ መስከረም ድረስ ስለ ካምቢዮ የምጠይቀው ሰው አገኘሁ።