የሚታጠፈው መቋሚያ

ዛሬ አናጢው የቁም ሳጥኔን በር ሲገጥም አዲሱ ማጠፊያ ሲጥ አለ። ፊቴ ጋለ።

ደብረ ታቦር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ የቴክኖሎጂ መምህራችን፣ "ከቤታችሁ አንድ ዕቃ አሻሽላችሁ ሥሩ" አሉን። አያቴ መሪጌታ ነበሩ። በማኅሌት የሚደገፉትን መቋሚያ መሀሉን ቆርጬ ማጠፊያ መታሁበትና ሰጠኋቸው። ለመንገድ እንዲመቻቸው እንጂ ሰው ሙሉ ክብደቱን እንደሚጥልበት አላሰብኩም።

በቀጣዩ በዓል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተደግፈውት ሲያዜሙ ድንገት ታጠፈ። አያቴ በካህናቱ መካከል በግንባራቸው ተደፉ። ከሴቶቹ በኩል ቆሜ አየሁ። ሲያነሷቸው ማጠፊያውን በጋቢያቸው ሸፈን አድርገው፣ "ምንም አይደል፣ ጉልበቴ ነው የከዳኝ" አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

ቤት ስንገባ ደግሞ፣ "ልጄ፣ መምህሩ ከጠየቁሽ 'አያቴ ወደውታል' በያቸው" አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ዲያቆናቱ ግራና ቀኝ ደግፈው እያስገቡ ከግድግዳው ሥር ያስቀምጧቸው ጀመር። ሩቅ ያለችው ገሳይ ከተማ ድረስ በእግራቸው ደርሰው የሚመለሱት ሰው፣ ጓደኞቻቸው ቆመው ሲያሸበሽቡ ከታች ሆነው እያዩ፣ አንድም ቀን "ጉልበቴ ደህና ነው" ሳይሉ አረፉ።

"በይ እስኪ በሩን ሞክሪው" አለኝ አናጢው።

እጄን መዘርጋት አቃተኝ።